ችግርን የመደበቅ ዋጋ

የገንዘብ ችግር ሰውን የሚያሳምመው ምግብ ሲጎድልና መድኃኒት መግዣ ሲጠፋ ብቻ ይመስለን ይሆናል። እኔ በጎንደር ባለፉት ዓመታት በቤተሰቤና በጎረቤቶቼ ላይ ያየሁት ግን ሕመሙ ከዚያ ቀደም ብሎ እንደሚጀምር ነው። ሰው የጎደለበትን ለመሸፈን ሲል ከወዳጁ፣ ከሐኪሙና ከገዛ ቤተሰቡ መደበቅ ሲጀምር ሕመሙም አብሮ ይጀምራል። ገመናን መሸፈን በእኛ ዘንድ የክብር ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ይህ መደበቅ በአእምሮና በሰውነት ላይ የሚያስከፍለውን ዋጋ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል ብዬ ስለማምን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የከተማችን ኑሮ በምን ላይ እንደቆመ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግንብ፣ የጥምቀት በዓል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው እንግዳ፣ እነዚህ ሁሉ የብዙ ሰው እንጀራ ነበሩ። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ የዕደ ጥበብ ሻጩ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርበው እናት፣ የአንዱ ገቢ ሲቆም የሌላውም ይቆማል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ እንግዳው ቀረ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በራሳችን ክልል በተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ንግድ ቆመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በየቀኑ ለሚወስድ ሰው ይህ ውሳኔ ምን ማለት እንደሆነ በየፋርማሲው በር ላይ ታይቷል።

ታላቅ ወንድሜ ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ነበር። እንግዳ በጠፋ ጊዜ ሥራ መፍታቱን ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ወደ ፒያሳ ይወጣል፤ በጃንተከል ዋርካ አካባቢ ይውላል፤ ሲመሽም ሥራ እንደዋለ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ ነገሩን የተረዳችው በጣም የሚወደው ካሜራ ከቤት ሲጠፋ ነው። ይሁን እንጂ ምልክቱ ቀደም ብሎ በሰውነቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ማጅራቱን ይይዘዋል፣ በልጆቹ ትንሽ ጩኸት ይቆጣል፣ የቀረበለትን ምግብ ሳይጨርስ ይነሣል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘለት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው በብዙ ቤት ውስጥ እንደሚደረግ ስለማምን ነው። ወንድሜ የአንድ ወሩን መድኃኒት ለሁለት ወር ለማድረስ ክኒኑን ለሁለት እየከፈለ ይውጥ ጀመር። በቀጠሮው ቀን ግፊቱ አልወረደም። ሐኪሙ «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም» ብሎ መለሰ፤ በእርግጥም አንድም ቀን አላቋረጠም። ሐኪሙ መድኃኒቱ በቂ እንዳልሆነ ቆጥሮ መጠኑን ጨመረ፣ ሌላ ዓይነትም አከለበት። አንድ ጊዜ እጁ ላይ ገንዘብ ገባና ሁሉንም እንደታዘዘው ሙሉ በሙሉ መውሰድ ሲጀምር ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዶ፣ ከአልጋው ሲነሣ ዞሮበት ወደቀ። ነገሩ ሁሉ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙን አልወቅስም፤ በዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል ያገኘውን መልስ ይዞ ነው የወሰነው። ወንድሜንም አልወቅስም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን መድኃኒት በየወሩ ለመግዛት ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ። ይህ ጥያቄ ክንድ ላይ መለኪያው እንደሚታሰረው ሁሉ ለእያንዳንዱ ታካሚ ያለ ልዩነት ቢቀርብ ኖሮ ማንም ሰው ድህነቱ ተለይቶ የተጠየቀ አይመስለውም፣ ለመመለስም አያፍርም ነበር። ለደም ግፊት በርካታ ዓይነት መድኃኒቶች አሉ፤ ዋጋቸውም ይለያያል። ታካሚው አቅሙን ከተናገረ ሐኪሙ የሚመርጥለት ነገር ይኖራል፤ ካልተናገረ ግን ሐኪሙ የሚያየው ያልወረደውን ቁጥር ብቻ ነው። ግፊት ሳይታከም ሲቆይ ደግሞ መጨረሻው ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት መድከም ሊሆን እንደሚችል የታወቀ ነው፤ የኩላሊት እጥበት ወጪ ደግሞ ክኒን ለሁለት የከፈለ ቤተሰብ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ የሚሄድበት መንገድ በሚገባ የታወቀ ነው። የሚያስፈራ ነገር ሲገጥመን አንጎላችን ከኩላሊቶቻችን በላይ ለተቀመጡት ዕጢዎች መልእክት ይልካል፤ ዕጢዎቹም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያወጣል። ይህ ዝግጅት ከጅብ ለሚያመልጥ ሰው ሕይወት አድን ነው፤ ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ይረጋጋል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የብድር ቀን ግን መጥተው የሚሄዱ አይደሉም፤ የአንዱ ቀን ሲያልፍ የሌላው ይቀርባል። ሆርሞኖቹ ለወራት ከፍ ብለው ሲቆዩ እንቅልፍ ይታወካል፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ይዳከማል፣ ግፊቱ ከፍ ባለበት ይጸናል፣ የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው ስኳሩን መቆጣጠር ይቸግረዋል።

ችግር በማሰብ አቅም ላይ የሚያደርሰውን ጫና በተመለከተ እነ ሰንድሂል ሙላይናታንና ኤልዳር ሻፊር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት በሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ብዙ ያስተምራል። ያው ገበሬ ምርቱን ከመሰብሰቡ በፊት፣ እጁ ባዶ በሆነበት ወቅት ሲፈተን የሚያስመዘግበው ውጤት ምርቱን ሸጦ ገንዘብ ካገኘ በኋላ ከሚያስመዘግበው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አንድ ነው፣ አእምሮውም ያው ነው፤ በጎደለበት ወቅት ግን የአእምሮው ትልቅ ክፍል በሒሳብ ተይዟል። እኔ ይህን ሳነብ የታሰቡኝ በነሐሴ ወር በየቤቱ የሚቀመጡት ወላጆች ናቸው። ክረምቱ ሥራ አቀዝቅዞ፣ እንቁጣጣሽ ደርሶ፣ የልጆች ምዝገባና ደብተር ተደራርቦ ባለበት በዚያ ወቅት አንድ አባት የቀጠሮ ቀኑን ቢረሳ ወይም አንዲት እናት ምድጃ ላይ የጣደችውን ብታሳርር ግድየለሽነት አይደለም።

በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ በማይክል ማርሞት የተመራውም ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። እነዚያ ሠራተኞች የተረጋጋ ደመወዝና ነፃ ሕክምና ነበራቸው፤ ሆኖም በዝቅተኛው እርከን ያሉት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በከፍተኛው እርከን ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር፤ ሲጋራ ማጨስና የመሳሰሉት ልማዶችም ልዩነቱን በሙሉ አላብራሩትም። ስለዚህ ጉዳዩ የረሃብ ብቻ አይደለም። በራስ ሕይወት ላይ የማዘዝ አቅም ማነስም ሰውን ያሳምማል።

በምኖርበት ሰፈር የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዋጮ የምንሰበስበው በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሲሆን መዝገቡን ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ሳይፈልግ ከስሞቹ ጎን የሚያነበው ነገር አለ። በጊዜው ይከፍል የነበረ አባል መጀመሪያ ገንዘቡን በልጅ እጅ መላክ ይጀምራል። ቀጥሎ ይዘገያል፤ መቀጫውንም ሳይከራከር ይከፍላል። ከዚያ በስብሰባ አይታይም። በመጨረሻም ልቅሶ ላይ መቅረት ይጀምራል፤ ይህን ጊዜ ነገሩ መክበዱን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ሰው ከሠርግ ቢቀር ይቅርታ ይደረግለታል፣ ከልቅሶ መቅረት ግን ከሰው መለየት ነው። ልቅሶ ቤት ደርሶ «የት ጠፋህ?» መባልን ፈርቶ ነው የሚቀረው። በዚህ መንገድ ከዕድሩ፣ ከማኅበሩ፣ ከሰንበቴው አንድ በአንድ የራቀ ሰው ሐዘኑንና ሐሳቡን የሚያካፍለው ሰው ያጣል፤ ብቸኝነቱም ድባቴውን ያጠነክረዋል፤ ድባቴው ደግሞ ሥራ ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይወስድበታል። ድህነት ድባቴን ያመጣል፣ ድባቴም ድህነትን ያረዝማል።

አንዳንዱ በዚህ ጊዜ አረቄ ቤት ያዘወትራል፤ መጨረሻው በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ አልዘረዝረውም። የእናቶች መደበቅ ግን ብዙ አይታይም። አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ እያልኩ የማከብራቸው፣ ልጆቻቸው ሲበሉ «እኔ ቀደም ብዬ ቀምሻለሁ» ይሉ ነበር። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ አምነዋቸዋል። ደም ማነስ ተገኝቶባቸው ሲታከሙ ነርሷ የምግብ ዝርዝር ሰጠቻቸው፤ ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ። እሳቸውም ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ለእንዲህ ያሉ እናት ከሥጋው ዝርዝር ይልቅ ምስርና ጎመን አዘውትሮ መብላት፣ ቡናና ሻይን ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት አድርጎ መጠጣት፣ ጤና ጣቢያው የሚሰጠውን የብረት ክኒን ሳያቋርጡ መውሰድ የሚል ምክር ይጠቅማቸው ነበር። ምክሩ አቅምን ያላገናዘበ ሲሆን ታካሚው ሌላ የሚደብቀው ነገር ይጨመርበታል።

የቀን ሠራተኞችም በወገባቸው ሕመም ላይ የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም። ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው አርፎ ለመታከም አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ የዚያ ቀን ራት የለም፤ ስለዚህ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛ፣ ሕመሙን እያስታገሰ ይሠራል። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጨጓራ ቁስለት ሊያመጣ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ ጨጓራው ሲያቃጥለው «ሐሳብ ስለማበዛ ነው» ይላል። ሐሳብ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል እንጂ ቁስለቱን በዋናነት የሚያመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደነዚህ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

ከሁሉም በላይ ግን የጎንደር አካባቢን ችግርና በሽታ አንድ ላይ የሚያሳየው የመተማና የሑመራ መንገድ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ ወጣቶች ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ ይወርዳሉ። በዋልካ አፈርና በግራር በተሸፈነው በዚያ ቆላ የሚገኘው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ያስተላልፋል፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አጎበር ነው። በሽታው ወዲያው አይታይም። ወጣቱ ያገኛትን ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካልታከመም ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ቀድሞ ያልለመደው በሽታ ስለነበር በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ መነሻውም ከቆላው እርሻ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ከሩቅ ገጠር መጥቶ እነዚያን ቀናት ለሚቆይ ሰው ግን የትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ምግብና የቀረው ሥራ ዋጋ ነፃ አይደለም። ለዚህ ወጪ ተበድሮ የመጣው ሠራተኛ ድኖ ሲመለስ ዕዳውን ለመክፈል የሚሄደው እንደገና ወደዚያው እርሻ ነው። በቆላ ውሎ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የት እንደነበረ ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገሩ ምርመራውን በብዙ ያፈጥነዋል።

ስለ አእምሮ ሕመም አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ግን ድባቴን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ሕመም አድርጎ አይቆጥረውም፣ ወይም ስሙ ይወጣብኛል ብሎ ይፈራል። ጠበል የሚሄዱትን አልቃወምም፤ እኔም አማኝ ነኝ። ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የጀመሩትን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። በዕዳ የተያዘ ሰው «እኔ ብሞት ይሻላል» ሲል ከሰማችሁ የምሬት ንግግር ነው ብላችሁ አትለፉት። ስለ መሞት ማሰቡን በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ሐኪምም አብራችሁ ሂዱ። በተለይ አራጣ የተበደረ ሰው ይህ ይመለከተዋል፤ አራጣ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ተበዳሪው ችግሩን ለሕግም ለዘመድም ሳይናገር ነው ወለዱን የሚከፍለው።

በገንዘቡ በኩል ያሉንን አማራጮች አለማወቅም ራሱ ያስጨንቃል። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ክትባት፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት መውለድ ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራ አንዷ ነበረች። በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰቡ በሙሉ ይታከማል፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ጉድለትም አለው፤ መድኃኒት በተቋሙ ሲጠፋ ታካሚው ከግል ፋርማሲ እንዲገዛ ይገደዳል፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍለት ሆስፒታል የሄደም ሰው ይቸገራል። ቢሆንም አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ከኪሱ ሲያወጣ ለከባድ የኑሮ አደጋ እንደተጋለጠ በዓለም አቀፍ መለኪያ ለዓመታት ሲቆጠር ኖሯልና፣ መድኑ ከዚህ አደጋ ብዙ ቤት ይጠብቃል። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከተደነገገ በኋላ አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሯል።

በዚህ ምክንያት ለዕድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዕድራችን አባል ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፤ ያው አባል ታሞ በነበረበት ወራት ግን የሚያደርግለት ነገር አልነበረም። ሐሳቡ ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ተቀንሶ የተለየ ሒሳብ እንዲከፈትና የጤና መድን ዕድሳት ሲደርስ መክፈል ያቃተው አባል ከዚያ እንዲከፈልለት፣ ሲመቸው ያለ ወለድ እንዲመልስ ነው። ስሙን ከዳኛው፣ ከገንዘብ ያዡና ከጸሐፊው በቀር ማንም አያውቅም፤ በስብሰባም አይነበብም። ሰው ችግሩን እንዲናገር ከፈለግን ገመናው የማይወጣበት በር ልናዘጋጅለት ይገባል።

አንዳንድ አረጋውያን «የዕድር ገንዘብ የሙት ነው፤ ሙት ሳይቀበር ለሕያው አይከፈልም» ብለው ተቃውመዋል፤ ሥጋታቸውም መሠረት ስላለው ለቀብር የሚያስፈልገው ተቀማጭ እንዳይነካ የሚል አንቀጽ በረቂቁ ገብቷል። ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። እስካሁን ያልተስማማንበት፣ በማኅበረሰብ አቀፉ መድን ያልታቀፉት ደመወዝተኛ አባላት ለመድኃኒት መግዣ ከዚሁ ሒሳብ መበደር ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ነው። እኔ ይችላሉ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የመምህርና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ዛሬ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ያህል እንደሚተርፍ መዝገቡን የያዝነው ሰዎች እናውቃለን።